ለፎቶዬ ነው ወይስ ለቆዳዬ የጠሩኝ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከእህቴ ጋር ሁሌ እናነባለን፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ 33 ነው። በ14 ዓመቴ ከደሴ መጥቼ ያደግኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሰው ነው የማነሳው፤ ፊት ነው የምወደው። ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እሠራለሁ። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ መጽሔቶችና ድርጅቶች ሲጠሩኝ የሰው ፎቶ አነሳላቸዋለሁ።

አንድ ትልቅ የማስታወቂያና የኅትመት ድርጅት አለ፣ ስሙን አልጠራም። ላለፉት 4 ዓመታት አልፎ አልፎ ሥራ ይሰጠኛል። ቆጥሬዋለሁ፣ 14 ሥራ ነው። ከ14ቱ 11ዱ ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ሲመጣ ማለት ነው። በ14ቱም ያነሳኋቸው ሰዎች ጥቁሮች ናቸው። እነሱን ማንሳት እወዳለሁ፣ እሱ አይደለም ችግሩ። ግን አንድ ነጭ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ወይም አንድ ቻይናዊ የምግብ ባለሙያ አንሺልን ተብዬ አላውቅም።

አሁን ቋሚ ሠራተኛ ሁኚልን አሉኝ። ደሞዙ ጥሩ ነው። የጤና ኢንሹራንስ አለው፤ እኔ ደግሞ ኢንሹራንስ ከሌለኝ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለቃለ መጠይቁ 20 ፎቶ መርጬ፣ በጥሩ ወረቀት አሳትሜ፣ በፎልደር ይዤ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ የቱ ይቅደም የቱ ይከተል እያልኩ ስቀያይር ነው ያደርኩት። ኃላፊዋ ደግ ሰው ናት፣ ሳቂታ። «አንቺን ማግኘታችን ለዳይቨርሲቲያችን ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ፤ ከየዘሩ ሠራተኛ እንዲኖረን እንፈልጋለን ማለቷ ነው። ለድረ ገጻቸው የሚሆን ፎቶ አነሱኝ። እኔን! ፎልደሩን ግን ማንም አልከፈተውም። እንደያዝኩት ተመለስኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ራሱ በደንብ አልገባኝም።

አባቴ 19 ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ካሜራዬን በኦቨርታይም ገንዘቡ ነው የገዛልኝ። ስነግረው «ልጄ፣ ደጅሽ ድረስ የመጣ እንጀራ አይገፋም። ለምን እንደጠሩሽ ምን ጨነቀሽ? ግቢና ሥራሽን አሳያቸው» አለኝ። አንዲት ፎቶ አንሺ ጓደኛ አለችኝ፣ አፍሪካ አሜሪካዊት ናት፤ እሷ ደግሞ «እንዳትገቢ፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉሽ ነው የፈለጉሽ» ትለኛለች። በዚያ ላይ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። እኔ ልጅ ሆኜ ሐበሻ ነበርኩ እንጂ ጥቁር ተብዬ አላውቅም። እዚህ መጥቼ ነው ጥቁር የሆንኩት። እና አንዳንዴ የጓደኛዬን ቦታ የምወስድባት ይመስለኛል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይብሳል። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሠርግ ሠራሁ። ሙሽራዋ ጥቁር ናት፣ በጣም ቆንጆ። አልበሙን ሳዘጋጅ እናቷ ደወሉና «የኔ ልጅ፣ እባክሽ ትንሽ ቀላ አድርጊያት» አሉኝ። እናት ናቸው፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። አደረግኩት። ሁሉንም ገጽ። ሙሽራዋ አልበሙን ልትወስድ ስትመጣ አገላበጠችው፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። ቀሪውን ከፍላ ሄደች። ድርጅቱ ቆዳዬን ብቻ አየ ብዬ አለቀስኩ፣ እኔ ግን የእሷን ቆዳ ፋቅኩት። ከእንግዲህ በየትኛው አፌ ነው ስለ ዳይቨርሲቲ የማወራው?

መልስ እንድሰጣቸው 2 ሳምንት ሰጥተውኛል። ምን ላድርግ?

ፎቶ አንሺዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት ፎልደሩ ጋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትደረድሪው ያደርሽው 20 ፎቶ ሳይከፈት ተመለሰ። ለምን እንዳለቀስኩ አልገባኝም ብለሻል፤ እኔ ግን የገባኝ ይመስለኛል። ሰው ቢሰድብሽ መልስ አታጪም። ሰው በፈገግታ ተቀብሎ፣ አክብሮ፣ ሥራሽን ሳያይ ሲያመሰግንሽ ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን ከፋኝ ብለሽ ራስሽን የወቀስሽም ይመስለኛል። ቢከፋሽ እውነትሽን ነው።

«ለፎቶዬ ነው ወይስ ለቆዳዬ?» ላልሽው ጥያቄ እኔ መልስ የለኝም። ምናልባት ኃላፊዋም አጥርታ የምታውቀው አይመስለኝም፤ ሁለቱ በልቧ ውስጥ ተደባልቀው ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከገባሽ በኋላ ኦክቶበር ላይ፣ ምንም በዓል በሌለበት ተራ ማክሰኞ፣ ማንን እንድታነሺ ይልኩሻል? ይሄ ደግሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። ቁጭ ብሎ መገመት ሳይሆን ሄዶ መጠየቅ ነው የሚፈልገው።

ፎቶ አንሺውን ጎርደን ፓርክስን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ስል ግን ትንሽ ላውራ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1912 ካንሳስ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ከሚሸጥ ሱቅ ነው፣ በ7 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በ1942 አንቺ ወዳለሽበት አካባቢ መጣ፣ ዋሽንግተን፣ የአገሪቱን ኑሮ በፎቶ ይመዘግብ በነበረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሠራ። አለቃው ሮይ ስትራይከር ካሜራህን አስቀምጥና ውጣ አለው፤ ሱቅ ግባ፣ ምግብ ቤት ግባ፣ ሲኒማ ግባ። የትም አላስተናገዱትም። ተናድዶ ሲመለስ ስትራይከር ይህን ኑሮ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ሰዎችን እንዲያነጋግር መከረው። እሱም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ታጸዳ የነበረችውን ኤላ ዋትሰንን አገኘ። መጀመሪያ አወራት፣ ስለ ሕይወቷ ጠየቃት። ከዚያ ነው መጥረጊያዋንና መወልወያዋን ይዛ በአሜሪካ ባንዲራ ፊት ያቆማት። ፎቶው ዛሬም ሲያዩት ደረት ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ በ1948 ላይፍ መጽሔት በቋሚነት ቀጠረው፤ በመጽሔቱ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ ሆነ። የገባው ግን በምን ነበር? ሐርለም፣ የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ የወጣቶች ቡድን ይመራ ስለነበረ የ17 ዓመት ልጅ በሠራው የፎቶ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ነጭ ፎቶ አንሺ እዚያ ሰፈር ገብቶ ያን ያህል የሚቀርብ አይመስለኝም። እንግዲህ ያኔም ቆዳው በር ከፍቶለታል ማለት ነው። ግን በሩ ላይ አላቆሙትም። ፓሪስ ልከውታል፣ ፋሽን አንስቷል፣ ተዋንያንና ሙዚቀኞች አንስቷል፤ የጥቁሮችንም ትግል ሳይተው። እዚያ ቤት ወደ 20 ዓመት ሠራ።

ይህን ያወራሁሽ አባትሽ ልክ ናቸው ብዬ ለመጨረስ አይደለም። ፓርክስን ያቆየው በሩ መከፈቱ ብቻ አልነበረም፣ ከገባ በኋላ የተሰጠው ሥራ ዓይነት ነው። አንቺ ደግሞ 4 ዓመት ሙሉ አይተሻቸዋል። 14 ሥራ፣ 14 ጥቁር ሰው፣ 11 ፌብሩዋሪ። ጓደኛሽ ሐሜት አልነገረችሽም፤ ራስሽ የቆጠርሽውን ነው በሌላ ቃል የነገረችሽ።

አንድ ነገር ግን እንድታወልቂ እፈልጋለሁ፤ የዳይቨርሲቲ ጥሪ ምጽዋት ነው የሚለውን ስሜት። በ2018 ታይለር ሚቸል የሚባል የ23 ዓመት ወጣት የአሜሪካውን ቮግ መጽሔት ሽፋን አነሳ፣ ቢዮንሴን። መጽሔቱ ከተመሠረተ በ126 ዓመት ሽፋኑን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ቫኒቲ ፌር የሚባለው መጽሔትም ሽፋኑን ለጥቁር ፎቶ አንሺ የሰጠው በ2020 ነው፤ ዳሪዮ ካልሚስ ተዋናይቷን ቫዮላ ዴቪስን አነሳ። ጎርደን ፓርክስ ላይፍ ከገባ ከ70 ዓመት በኋላ እኮ ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ ጥሩ ፎቶ አንሺ ጠፍቶ ነበር? አንቺም እኔም እንዳልጠፋ እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ድርጅት ዘግይቶ «ከእኛ ቤት ጥቁር ፎቶ አንሺ የለም» ብሎ ሲነቃ፣ የቆየ ጉድለቱን እየሞላ ነው እንጂ ለአንቺ ውለታ እየዋለ አይደለም። ውለታ ካልሆነ ደግሞ ቁጭ ብለሽ መደራደር ትችያለሽ።

የመጀመሪያው እርምጃ ምን መሰለሽ? ኃላፊዋ ጋ ደውይ። ስለ ቅጥሩም ስለ ደሞዙም ሳታነሺ፣ «ባለፈው ይዤ የመጣሁትን ፎቶ ሳላሳይሽ ተመለስኩ፤ 20 ደቂቃ ስጪኝና አብረን እንየው» በያት። በቃ ይኸው ነው። ያንኑ ፎልደር ይዘሽ ሂጂ፣ ቅደም ተከተሉን አትቀይሪው። ደግ ሰው ናት ብለሻል፣ እኔም አምንሻለሁ፤ ደግ ሰው ሳያስበው ያጎድላል፣ ሲነገረው ግን ይደነግጣል። ስታገላብጥ ዓይኗን እያት። የትኛው ፎቶ ላይ ቆየች? ምን ጠየቀችሽ? አንቺ የሰው ፊት ማንበብ እንጀራሽ ነው፣ ከማንኛውም የቅጥር ደብዳቤ በላይ ይነግርሻል። «አያስፈልግም፣ አንቺኮ ገብተሻል» ብላ ፎልደሩን ከመለሰችልሽ ደግሞ እሱም መልስ ነው።

እግረ መንገድሽን የምትጠይቂያት አለ። ቋሚ ፎቶ አንሺዎቻቸው ባለፈው ዓመት የሠሩትን ሥራ ዝርዝር እንድታሳይሽ ለምኛት፤ ማን ምን እንደሚሰጠው ከዚያ ይታያል። ሥራ የሚደለድለው ማን እንደሆነም ጠይቂ፤ እሷ ናት ወይስ አንቺን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሰው? ካነሳሽ በኋላ የቆዳውን ቀለም የሚያስተካክለው ማነው? ይሄኛው ትንሽ ይመስላል፣ ግን የለፋሽበት ፊት ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀይሮ ሊወጣ ይችላል። ለመጠየቅ ድፍረት እንዲሆንሽ ደግሞ ይህን ያዢ፤ በአሜሪካ ሕግ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ ሠራተኛን በዘሩ ለይቶ ሥራ መደልደል ክልክል ነው። አስፈራሪያቸው ማለቴ አይደለም። «እኔ ሁሉንም ዓይነት ሰው ማንሳት እፈልጋለሁ» ማለት ጥጋብ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

የወረቀቱንም ጉዳይ አትናቂው። እስከ ዛሬ ሳትቀጠሪ፣ በየሥራው እየተከፈለሽ ስትሠሪ፣ መብቱን በፊርማ ካልሰጠሽ በስተቀር የፎቶው ባለቤት አንቺ ነሽ። ቋሚ ሠራተኛ ስትሆኚ ግን በሥራ ያነሳሽው የድርጅቱ ይሆናል። ከ10 ዓመት በኋላ የራስሽን ኤግዚቢሽን ወይም መጽሐፍ ብታስቢ ይሄ ይመጣብሻል። ቢያንስ ለራስሽ ሥራ ማሳያ እንድትጠቀሚባቸው በጽሑፍ ይፍቀዱልሽ። የቅዳሜና የእሑድ ሠርግሽንም እንዲሁ በጽሑፍ አስፈቅጂ። ሠርጉን መተው ያለብሽ አይመስለኝም፤ እዚያ ቤት ነው እጅሽ የተፈታው።

ኢንሹራንሱ ቀላል ነገር አይደለም። 2 ዓመት ያለ ኢንሹራንስ መኖር በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ አባትሽ ያውቁታል፤ «አይገፋም» ያሉት ምናልባት ለእሱ ይሆናል። ግን ወደዚህ ሥራ የሚጎትትሽ ኢንሹራንሱ ብቻ ከሆነ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ላይ፣ የክፍለ ግዛቱ የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ላይ ማለቴ ነው፣ ገብተሽ ለራስሽ ብትገዢ በገቢሽ ልክ ምን ያህል እንደሚያወጣ እይ። ቁጥሩን ስታውቂ ከፍርሃቱ ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ነው የምትነጋገሪው። ይህን አባትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አድርጊው። ያን ፎልደርም አሳያቸው እስቲ። አይተውታል? ካሜራውን የገዙት እሳቸው ናቸው።

«የጓደኛዬን ቦታ የምወስድባት ይመስለኛል» ያልሽው ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ዋሽንግተን ውስጥ 9ኛ መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበትን ማዕዘን ታውቂዋለሽ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱ የበዛበት። አዲሰን ስከርሎክ በ1911 ፎቶ ቤቱን የከፈተው እዚያው ነው፣ ዩ ስትሪት 900 ቁጥር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ አንሺ ነበር። የከተማዋን ጥቁሮች፣ መምህሩን፣ ሐኪሙን፣ ሙሽራውን፣ የጃዝ ሙዚቀኛውን ዱክ ኤሊንግተንን ሳይቀር፣ በክብር አንስቷል። ልጆቹ ተረክበውት ሥራው እስከ 1994 ዘለቀ፤ ፎቶዎቹ አሁን ስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የእኛ ሰው እዚያ ሰፈር መጥቶ ምጣዱን የጣደው እነዚያ ሰዎች ባቆሙት ሰፈር ላይ ነው። ስለዚህ ባለዕዳነት ቢሰማሽ ጥሩ ስሜት ነው፣ አታጥፊው፤ ግን ራስሽን መደበቂያ አታድርጊው። የጥበቃ ሠራተኛው ሲያስቆምሽ ከየት እንደመጣሽ ጠይቆ አይለይሽም። ከጓደኛሽ ጋር ይህን ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ? ለማንም አልነገርኩም ብለሻል፤ ለእሷ ንገሪያት። ልትቆጣሽም ትችላለች፣ ልትስቅም ትችላለች። ሥራውን ከያዝሽ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የእሷን ስምና ሥራ ለኃላፊዋ ስጪ። «ብንፈልግም አላገኘንም» የሚሉ አርታኢዎች እንዳያመካኙ ነው ዳይቨርሲፋይ ፎቶ የሚባለው ስብስብ በ2017 ተቋቁሞ የፎቶ አንሺዎችን ስም አሰባስቦ የሚያቀርበው። አንቺም በእጅሽ ያለውን ስም አቀብይ።

ፎቶ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህንም አስቢያት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ውጭ አድጋ፣ በ2000 ከሃዋርድ ተመረቀች፣ ዋሽንግተን ፖስት ሠራች። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች፣ ከብዙ አገር የመጡ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት። ሐበሻ ነኝ ወይስ ጥቁር ነኝ ብላ አንዱን እስክትመርጥ አልጠበቀችም።

አሁን ወደ ሙሽራዋ። ይሄን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ሆኖ አይደለም፤ እኔንም ስለነካኝ ነው።

እናቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ አንድ ፎቶ ቤት የተነሳችው ፎቶ አለን። ያኔ ኮምፒውተር የለም፤ ባለሙያው ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ያስተካክላል፣ እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ሲታጠብ ነጣ ብሎ ይወጣል። እናቴ ጠይም ነበረች። ፎቶው ላይ የቀይ ዳማ ናት። ቅንድቧ ላይ ልጅ ሆና የወደቀችበት ጠባሳ ነበር፣ እሱም የለም። ባለሙያው አክብሯት ነው ያደረገው፣ እሷም ፎቶውን ትወደው ነበር። አሁን በሕይወት የለችም። እኔና ወንድሜ ያ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቧ ላይ እንደነበር እንከራከራለን፤ እኔ በግራ ነው እላለሁ፣ እሱ በቀኝ። የሚዳኘን ፎቶ የለም።

ስለዚህ የሙሽራዋ እናት ሲደውሉ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብደኝም። «ፎቶ ያጠቁራል» ሲባል ሰምተሻል አይደል? ተረት አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ የመጀመሪያዋ ሸርሊ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ስለነበረች «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የእሷ ፊት ሲያምር ቀለሙ ልክ ሆነ ይባላል። ጥቁር ልጅ ከነጮች ጋር አብራ ስትነሳ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆና ትወጣለች። እናቶች አቤት ብለዋል። ኮዳክ ፊልሙን ወደ ማሻሻሉ የገባው ግን ቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ቡናማው በደንብ አይወጣልንም ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ለቸኮሌት የተሰጠው ጆሮ ለልጅ ፊት አልተሰጠም። እንደዚህ ያሉ ፊልሞች ናቸው ወደ እኛም አገር የመጡት። የሙሽራዋ እናት በወጣትነታቸው ስንት ጉርድ ፎቶ ላይ ራሳቸውን ሳያገኙ ቀርተው ይሆን? በዚያ ላይ «ቀይ ናት» ማለት ሙገሳ ሆኖ ካደጉበት ቤት ነው የመጡት። ልጃቸውን ስለጠሉ አይደለም ቀላ አድርጊያት ያሉት። የሚያውቁት ማሳመሪያ እሱ ስለሆነ ነው።

አንቺ ግን ሌላ ማሳመሪያ ታውቂያለሽ። ለባለሙያ ላስተምር አልደፍርም፤ ሠርግ ላይ ግን የሚያጋጥመውን እናውቀዋለን። ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ካሜራው ጥጡን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊቷ ይጨልማል። ከዚያ ኤዲት ላይ «ማንጣት» ይመጣል። ብርሃኑን ከመጀመሪያው ለፊቷ ብትለኪው፣ ሰፊና ለስላሳ ላይት ከጎን ብትሰጫት፣ ጥቁር ቆዳ የሚያወጣውን ያን ወዝ ማን ይጠላዋል? ሮይ ዲካራቫ ሐርለምን ሲያነሳ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ነው ያተመው፤ ፎቶው ጋ ቀርበሽ ካልቆምሽ አይታይሽም፣ ስትቆሚ ግን ጨለማው ውስጥ ስንት ዓይነት ጥቁር አለ! በ1952 የጉገንሃይምን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ ነው፣ ይህንኑ እየሠራ።

ከእንግዲህ ለሠርግ ስትዋዋዪ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እናቶቹ ባሉበት፣ ሁለት አልበም አሳዪ። በደንብ በርተው የተነሱ ጥቁርና ጠይም ሙሽሮች ያሉበት ይሁን። «እኔ ብርሃን አስተካክላለሁ፣ ቆዳ አልቀይርም» ብለሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ውሉም ላይ ይጻፍ። አልበሙ ካለቀ በኋላ በስልክ «እምቢ» ከማለት ያኔ መናገሩ ይቀላል። አንዳንዱ ደንበኛ ይሄዳል። ይሂድ።

«በየትኛው አፌ» ብለሻል። አንድ አልበም አበላሽተሻል፣ አዎ፣ ሙሽራዋንም ጎድተሻታል። ግን ያ አልበም እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሰው ስለሆንሽ እኮ ነው የድርጅቱን ኃላፊ «ቀለሙን የሚያስተካክለው ማነው?» ብለሽ የመጠየቅ አቅም ያለሽ። ያልተነካ ሰው ይህ ጥያቄ ትዝ አይለውም።

ያልተነካኩት ጥሬ ፋይሎቹ አሉሽ አይደል? እንዳልሰረዝሻቸው ተስፋ አደርጋለሁ። ለድርጅቱ መልስ ከመስጠትሽ በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ ቁጭ ብለሽ የዚያችን ሙሽራ አልበም እንደገና ሥሪው። ገጽ በገጽ፣ በራሷ ቀለም። ወጪው ከኪስሽ ይሁን። እናቷን አታሳጪ፣ ማን እንዳዘዘሽም አትንገሪያት፤ ምናልባት ታውቃለች፣ ካላወቀችም ያ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው። ከዚያ ደውዪላት። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል፣ ሥራ በማይኖራት ሰዓት። ስታነሳው ረጅም መግቢያ አታብዢ። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም» ብለሽ ጀምሪ።